ሰባተኛው ዓምድ

ገና ጎህ ሳይቀድ ከጣና ዳር፣ ከማኅበሩ ሚዛን አጠገብ፣
እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ዓሣ መመዘን፣ ቁጥር መመዝገብ።
ባንችግዜ ነጋዴዋ ስንጥቡን በጣቷ ገልጣ፣
ቀለሙን አይታ፣ ዝም ብላ፣ ትቆማለች ዋጋ ቆርጣ።
"ኪሎው" ትለኛለች፣ "ለአንተ መዝገብ ነው፤
እኔ የምገምተው ዓሣውን ሳይሆን የነገ በላተኛውን ነው።"

ይህን ቃሏን ይዤ ነው ክረምቱን ሙሉ ያመሸሁት፣
ከላፕቶፔ ጋር ተፋጥጬ ሠንጠረዥ የሠራሁት።
የፋንታሲ ጨረታ አለብን፤ ለየአንዳንዳችን ሁለት መቶ ነጥብ፣
ስምንት ሰው ሆነን፣ በዚያችው ነጥብ ሙሉ ቡድን መሰብሰብ።
ስም ይጠራል፣ እጅ ይነሣል፤
የተመኘ ይጨምራል፣ የፈራ ይመለሳል።

በአንደኛው ዓምድ ስም፤ በሁለተኛው የተሰለፈበት ደቂቃ፤
በሦስተኛው ጎል፤ በአራተኛው ቢቀናው ኖሮ ሊያገባ ይችል የነበር፤
በአምስተኛው ጉዳት፣ ቋንጃው በየትኛው ወር እንደሚነቃ፤
በስድስተኛው ጣሪያው፣ ከዚያ በላይ ሰይጣን ይጨምር።

ሰባተኛው ዓምድ ግን ስለ ኳስ አይደለም፤
ስለ ጓደኞቼ ነው፤ ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም።
የአምስት ዓመት ጨረታ፣ ማን ስንት እንደጠራ፣ መቼ፣
ለቅሜ ይዤዋለሁ፣ ከሳቁ ከቢራው አጣርቼ።
ልየው ጸጉር አስተካካዩ የፈለገውን ሲነጠቅ፣
ቀጥሎ የተጠራውን ይገዛል፣ ሲሶ ጨምሮ፣ ሳይጠይቅ።
ማስተዋል ከባንክ ናት፤ ነጥቧን እስከ መጨረሻው ታቅፋ፣
አርባው ይተርፋታል፣ በየዓመቱ ተሸንፋ።
ስንሻው ባለባጃጁ የሚደግፈው ክለብ ስም ከተነሣ፣
ዋጋ የሚባል ነገር ከነአካቴው ረሳ።

ዋለልኝ...
ዋለልኝ አንድ ተከላካይ አለው፤ በየዓመቱ ይገዛዋል።
ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ አልቋል፤ ፍጥነቱ ሄዷል።
ያን ተከላካይ የወደደው ታናሽ ወንድሙ ነበር፣ እንዳላማው፤
የማልያውን ቁጥር ከጀልባው ጎን በነጭ ቀለም ያተመው።
ሰኔ ላይ ማዕበል ተነሣ፤ ጀልባዋ ብቻ ተመለሰች፣
ቁጥሯን እንደያዘች፣ እምቦጭ ተጠምጥሞባት ተገኘች።

ሰባተኛው ዓምድ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው ይህን ነው፦
"ዋለልኝ፣ እስከ ስድሳ። ገፋፋው፤ ሃምሳ ስምንት ላይ ተወው።"

ቅዳሜ ማታ ሽምብጥ፣ ልየው ቤት በረንዳ ላይ፣
ዝናቡ አባርቶ፣ የኀይቁ ትንኝ ሲርመሰመስ አምፑሉ ላይ፣
ጨረታው ተከፈተ። እኔ የጠራሁት መጀመሪያ፣
ሁሉ የሚያልመውን አጥቂ ነው፣ ለኪሳቸው ማራገፊያ።
ሰማንያ ሁለት! ልየው ወሰደው። እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።
መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ሙት ነው፤ ግን አልደነገጥሁም፤
ቁጥሩን በቃሌ አጥንቸዋለሁ፣ እንደ ዳዊት።
በሻማ ገዛሁ፤ አማካይ በአራት፣ በረኛ በሁለት፣
ማንም ያላየውን የግራ ተመላላሽ በሦስት።

ከዚያ ዋለልኝ ጉሮሮውን ጠርጎ ያንን ስም ጠራ።
"አንድ" አለ በለሆሳስ፣ ሻማውን እያየ፣ እንደሚፈራ።
ልየው እስከዚያ ነጥቡን ጨርሷል፤ ሌሎቹ ዝም አሉ።
እኔ ቀረሁ።
ጣቴ ተነሣ፤ እውነቱን ልናገር፣ እስከ አገጬ ድረስ ተነሣ።
ትንኝ ያባረርሁ መስዬ አወረድሁት።
አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ። በአንድ ነጥብ ሸጡለት።

በተረፈው ነጥብ ዋለልኝ፣ እኔ ያሰላሁትን አጥቂ ከአፌ ነጠቀኝ፣
በጣሪያዬ ላይ አንዲት ጨምሮ፤ ሻማው ሳቀብኝ።
"ታውቅ ነበር፣ አይደል?" አለኝ በሩ ላይ ስንለያይ።
"ምኑን?" አልሁ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ባንችግዜ ስንጥብ እየገለጠች፣
"ማን አሸነፈ?" አለች።
"ገና ነው፤ የሚታወቀው ግንቦት ላይ ነው።"
"ታዲያ ከአሁኑ የከሰረ ሰው ፊት ምን አመጣው?"

ማታ ሠንጠረዡን ከፍቼ ሰባተኛውን ዓምድ ላጠፋው ነበር።
አላጠፋሁትም።
ከዋለልኝ ስም ትይዩ ያለችውን ስድሳ ብቻ አንሥቼ
ባዶ ተውሁት።
የልየውን አልነካሁም፤ እሱ ለከርሞም በእልህ ይገዛል።